ጉዳዩ የመኪና ማቆሚያ ነው

ባለፈው ወር ለቤተ ክርስቲያናችን ደብዳቤ መጣ። "ቤተ ክርስቲያናችን" ስል ያለነው ለንደን ነው። ሕንፃው የእንግሊዞች ነው፤ እኛ የሰዓት ተከራዮች ነን። ሌሊት ገብተን እሁድ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ መልቀቅ አለብን። "እትዉ በሰላም" ሳይባል ገና ምንጣፍ ለመጠቅለል የሚያጎነብስ ሰው አይጠፋም። መጋረጃው ይወርዳል፣ ከበሮው መኪና ውስጥ ይገባል። እጣኑም በልክ ነው። አንድ ጊዜ ቄሱ ትንሽ ለቀቅ ቢያደርጉት የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኸና እሳት አደጋ መጣ። ሰዎቹ ነጠላ የለበሰውን ሕዝብ ብርድ ላይ ተኮልኩሎ ሲያዩት የትኛውን እሳት እንደሚያጠፉ ግራ ገባቸው።

ደብዳቤው ከጎረቤቶች ነው። በጣም ትሁት ነው። እንግሊዝ ሲቆጣ ትሕትናው ይበዛል። መጀመሪያ ባህላችሁን እናከብራለን ይላል፤ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ መኪና ማቆሚያ ይመጣል። እውነቱን ለመናገር ጥፋት አለብን። ሐበሻ ከቅዳሴ ወጥቶ ዝም ብሎ ቤቱ አይገባም። "በል እንግዲህ ደህና ዋል" ከተባለ በኋላ ሌላ ግማሽ ሰዓት አለ። ይሄ ሁሉ ሲሆን መኪናው የሰው በር ዘግቶ ቆሟል።

ከእኔ ቤት አጠገብ የህንዷ የጉጃራት ግዛት ዘር የሆኑ አንዲት ሴት አሉ። ሂንዱ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ "አንቲ" ይላቸዋል፣ እኔም እንደዚያው። የተወለዱት ካምፓላ ነው። የኡጋንዳው መሪ ኢዲ አሚን በ1972 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ለእስያውያን ዘጠና ቀን ሰጥቶ ውጡ ሲል በአንድ ሻንጣ ነው የወጡት። እስካሁን ሲናደዱ በስዋሂሊ ነው የሚናደዱት።

እኔ ስለ ህንዶች የነበረኝ ሐሳብ "እነሱማ ተመቻቸው" የሚል ነበር። ለንደን ኒስደን ሰፈር ያለውን ነጭ የእብነ በረድ የሂንዱ ቤተ መቅደስ ያየ ሰው ሌላ ምን ይላል? ያ ሕንፃ የተከፈተው በ1995 ነው። አንቲ ግን ከዚያ በፊት የነበረውን ነገሩኝ። የዚያው ቤተ መቅደስ ማኅበር ምዕመናን በ1970 የጀመሩት ኢዝሊንግተን በሚባል የለንደን ሰፈር ውስጥ አገልግሎት ባቆመ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ነበር። እንደኛው በሰው ቤት ማለት ነው። ዛሬ በእንግሊዝና በዌልስ ሂንዱዎች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ናቸው፣ በ2021ዱ ቆጠራ።

አንቲ ራሳቸው የሚሄዱት ግን ሌላ ቦታ ነው። ከለንደን ወጣ ብሎ ከዋትፎርድ ከተማ አጠገብ ሌችሞር ሂዝ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። እዚያ ያለ አንድ ትልቅ የገጠር ቤት ባክቲቬዳንታ ማነር ይባላል። የቢትልስ ባንድ ሙዚቀኛው ጆርጅ ሃሪሰን ነው በ1973 ለሃሬ ክሪሽናዎች፣ ክሪሽና የሚባለውን የሂንዱ አምላክ ለሚያመልኩት፣ የሰጣቸው። ከምሥራቅ አፍሪካ የተባረሩት ህንዶች ደግሞ መቅደስ ፍለጋ እየዞሩ ነበርና ወደዚያ ጎረፉ። የክሪሽና ልደት ሲከበር በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ይመጣል። መንደሯ ደግሞ አንድ ኩሬ፣ አንድ መጠጥ ቤትና አንድ ጠባብ መንገድ ናት። ምን እንደተፈጠረ መገመት አያቅትም። መኪና ማቆሚያ!

የአካባቢው ምክር ቤት ቦታው የሕዝብ አምልኮ ቦታ መሆኑን ያቁም አለ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ፣ ይግባኙም ወደቀ። በ1994 ሕዝቡ ለአምልኮ እንዳይገባ የሚከለክለው ውሳኔ ሥራ ላይ ሊውል ሲል፣ ሠላሳ ስድስት ሺህ ያህል ሰው ለንደን መሃል ሰልፍ ወጣ። አንቲ ልጃቸውን በጋሪ እየገፉ ወጥተዋል። "ሳሪ ለብሼ፣ ከላይ የባለቤቴን ካፖርት ደርቤ፣ ታች ስኒከር" አሉኝ። ፎቶው አላቸው። ጫማው እውነትም ስኒከር ነው።

በ1996 ፈቃድ ተሰጣቸው። መፍትሔው ምን ነበር ቢባል፣ መንገድ ነው። ጎብኚው በመንደሯ ሳያልፍ በሌላ በኩል የሚገባበት አዲስ መንገድ ተሠራ። ስሙንም ዳርም ማርግ አሉት። የዳርማ፣ የጽድቅ መንገድ እንደ ማለት ነው። ያ ሁሉ ዓመት የፈጀ ጭቅጭቅ በአስፋልት ተፈታ። እዚህ አገር ሃይማኖትህን የሚጠላ ሰው ፊት ለፊት አይመጣብህም። የሚመጣብህ ፎርም ነው። የሚያስቸግረው ደግሞ ፎርሙን ከላኩት መካከል አንዳንዱ በእውነት መኪና ማቆሚያ ያጣ ሰው መሆኑ ነው። የቱ የቱ እንደሆነ መለየት ያቅታል።

ሁሌም ግን በፎርም ብቻ አይደለም። በ2022 ሌስተር በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ውስጥ ከህንድና ከፓኪስታን የክሪኬት ጨዋታ በኋላ የሂንዱና የሙስሊም ወጣቶች ተፋጠጡ። ሰዎች ሊጠልፏት ሞከሩ ስለተባለች ልጅ አንድ ወሬ በየስልኩ ዞረ። ፖሊስ ውሸት ነው ቢልም ወሬው ቀድሞ ሄዷል። ሁለቱም ወገን ጎዳና ወጣ፣ ከአንድ ቤተ መቅደስ ላይ ባንዲራ ተጎትቶ ወረደ። የስልክ ወሬ ምን እንደሚያደርግ ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

አንድ ነገር ላይ ግን አንቲን አስቀይሜያቸዋለሁ። በ2007 ዌልስ ውስጥ ስካንዳ ቬል በሚባል የሂንዱ ገዳም ያሉ መነኮሳት ሻምቦ የሚሉት በሬ ነበራቸው። ሲመረመር የከብት ሳንባ ነቀርሳ ምልክት ተገኘበት። ሕጉ ይታረድ ይላል፣ መነኮሳቱ ለይተን እናክመው አሉ። አንድ ዳኛ ፈረደላቸው፣ ይግባኝ ሰሚው በሳምንቱ ገለበጠው። ፖሊስ እየዘመሩ የተቀመጡትን ሰዎች አንድ በአንድ አንስቶ በሬውን ወሰደ። ይሄን ሲነግሩኝ ሳቄ አመለጠኝ። ለፋሲካ ቅርጫ የሚገባ ሰው ምን ያድርግ? አንቲ አልሳቁም። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የእነሱ ማነር ያለችውን ጋንጎትሪ የምትባል ላም የአንድ የእንስሳት ደህንነት ድርጅት ሠራተኞች መጥተው በመርፌ ገደሏት። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ መቆም አቅቷት ተኝታ ትታከም ነበር። ሰዎቹ የመጡት ምዕመናኑ ጸሎት ላይ ሳሉ ነው። ድርጅቱ በዓመቱ ይቅርታ ጠይቆ በምትኳ እርጉዝ ላም ሰጣቸው። "ላሟን በእጄ አብልቻታለሁ" አሉኝ አንቲ። ከዚያ ቀን ወዲህ የቅርጫ ቀልዴን ትቻለሁ።

ለመታረቅ ብዬ ሽሮ ሠርቼ ወሰድኩላቸው። የጾም ነው፣ ሽምብራ ነው፣ ምን ችግር አለው? አሸተቱና "ሽንኩርት አለው?" አሉ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለካ አይበሉም። ያለ ሽንኩርት ሽሮ እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቅ ይንገረኝ። ዝንጅብልና ቃሪያ አብዝቼ ሞክሬያለሁ። ሽሮ አይባልም፣ ግን ይበላል።

ያን ቀን ነው በራቸው ላይ በነጭ ዱቄት የተሣለውን ያስተዋልኩት። ነጠብጣብና ቅርንጫፍ፣ የአበባ ቅርጽ ያለው። ዲዋሊ፣ የሂንዱዎች የብርሃን በዓል፣ ደርሶ ነበር። ምንድን ነው ስላቸው ለእንግዳም ለአምላክም እንኳን ደህና መጣችሁ ማለት ነው አሉኝ። ሰውነቴ ቀዘቀዘ።

ልጅ ሆኜ ደብረ ማርቆስ አክስቴ ግቢ አንድ ህንድ የሒሳብ አስተማሪ ተከራይቶ ይኖር ነበር። በዚያን ጊዜ ህንድ አስተማሪ የሌለበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማግኘት ይከብዳል። ሰውየው ሥጋ ስለማይቀምስ የሰፈሩ ሰው "ዘላለም ጾመኛ" ይለዋል። ሚስቱ ጠዋት ጠዋት ደጃፏን ጠርጋ በዱቄት ትሥል ነበር። አክስቴ አየችው። መተት ነው አለች። ማንንም ሳትጠይቅ ፀበል አምጥታ ረጨችበት፣ ማሰሮውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሴትዮዋ በሩን ገርበብ አድርጋ ታየን ነበር። ምንም አላለችም። በማግስቱ አልሣለችም፣ ከዚያም በኋላ አልሣለችም። ማንም አልከለከላትም። ደብዳቤም አልተጻፈባትም። አክስቴ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ሴትዮዋ ስትወልድ ገንፎ ያገነፋችላት እሷ ናት።

የት እንደሚጸልዩ ጠይቀን አናውቅም። መጸለያ ያስፈልጋቸዋል የሚለው ሐሳብ ራሱ አልመጣልንም። አብዛኛው ሲሆኑ አይመጣም። የአክሱም ሙስሊሞች ከተማችን ውስጥ መስጊድ እንሥራ ሲሉ ስንት ዘመናቸው? መልሱ የመኪና ማቆሚያ እንኳን አይደለም፤ ቦታው ቅዱስ ነው ተብሎ ያልቃል። ጴንጤው በየገጠሩ ሬሳ ይዞ መቃብር ተከልክሎ ሲንከራተት ኖሯል። ኦርቶዶክሱም ቁጥሩ ባነሰበት ቦታ የሚደርስበትን ያውቃል። ይሄን ለንደን ስል ሰው ይቆጣል። "አሁን እሱ ምን አገናኘው?" ይላሉ፣ የሰው በር ላይ መኪናቸውን አቁመው።

ትናንት ደብዳቤውን ይዤ አንቲ ጋ ገባሁ። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ጣታቸውን በየመስመሩ እየሄዱበት እስከ መጨረሻ አነበቡት። ከዚያ ሳቁ።

"ይሄ የመጀመሪያው ነው" አሉኝ። "እንዳትጥለው። ፋይል ክፈትለት።"