ሳይን አድርጎ የመገላገል ጥበብ

በአሜሪካ ጦር ውስጥ የሚያገለግሉ ወገኖቻችንን ሳላመሰግን ይህ ሳምንት አያልፍም። በተለይ ወገባቸው ተቀንጥሶ፣ ጉልበታቸው ተናግቶ፣ ጆሯቸው ሌት ተቀን እየጮኸባቸው አንዲት ቃል ያልተነፈሱትን። ሌላው ወታደር ቁርጭምጭሚቱ ወለም ሲለው ሲክ ኮል በሚሉት የጦሩ ክሊኒክ ይሰለፋል፣ ያስጽፋል፣ ኮፒውን ቤቱ ያስቀምጣል። የኛ ሰው ሁለት አይቡፕሮፌን ውጦ ሩጫውን ይቀጥላል። ሰባት ዓመት አገልግሎ የሕክምና ፋይሉ ሲከፈት ከክትባት በቀር ምንም አይገኝበትም። እንዴት ያለ ንጹሕ ሰው!

ጨዋነታችን ይበልጥ የሚያበራው ግን ምርመራ ክፍል ውስጥ ነው። ወታደሩ በሕመሙ ምክንያት ሥራውን መቀጠል መቻሉ ሲያጠራጥር ጉዳዩ ብቁነቱን ለሚወስን የጦሩ ቦርድ ይቀርባል፤ ጉዳቱም በቪኤ፣ ማለትም በቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ መስፈርት ይለካል። ወገብ የሚለካው በማዕዘን መለኪያ ነው። ቀጥ ብለህ ቁም፣ አሁን ወደፊት ጎንበስ በል ይባላል። ጤነኛ ሰው እስከ 90 ዲግሪ ይደርሳል። 30 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ላይ የቀረ 40 ፐርሰንት የጉዳት ደረጃ ያገኛል። ከ30 አልፎ እስከ 60 የሄደ 20፣ ከ60 አልፎ እስከ 85 የደረሰ ደግሞ 10።

እንግዲህ ወደዚያ ክፍል የገባው ማን እንደሆነ አስቡት። ዳዴ ማለት ካቆመ ጀምሮ ለእንግዳ፣ ለቄስ፣ ለአባቱ ጓደኛ፣ መንገድ ላይ ላገኘው ሽማግሌ ሁሉ ጎንበስ ሲል ያደገ ልጅ ነው። በእናቱ ዕድሜ ያለች ሐኪም ጎንበስ በል ስትለው 30 ላይ ተገትሮ ሊቀር ነው? ማን አሳደገው ይባላል? 30 ላይ ወገቡን ወጋው፤ ጥርሱን ነከሰ። 40 ላይ ዓይኑ ጨለመበት። 50 ደረሰ። «ያምሃል?» ስትለው «ኖ ማም፣ አይ አም ፋይን» አላት። ሕጉ ሕመሙ ከየት ላይ እንደሚጀምር፣ ሲብስበትም ምን ምን እንደሚያቅተው እንዲመዘገብ ይፈልጋል፤ ነገር ግን ያልተናገሩትን ማን ይጽፋል? በግንባሩ የወረደውን ላብ በመዳፉ ጠርጎ አመስግኗት ወጣ። 20 ፐርሰንት ለአክብሮት ሰጥቶ መውጣት ይሏል ይህ ነው።

ልዩነቱ ምን ያህል ነው ብላችሁ የምትጠይቁ ገንዘብ ወዳዶች አትጠፉም። አገልግሎቱ 20 ዓመት ሳይሞላው 30 ፐርሰንትና ከዚያ በላይ ያገኘ በሕክምና ጡረታ ይወጣል። ጉዳቱ የማይለወጥ ከሆነ የዕድሜ ልክ ክፍያ አለው፤ ለሚስትና ለልጆቹም ትራይኬር የሚሉት የጦሩ የጤና መድን። ከ30 በታች የሆነው ግን የስንብት ገንዘብ ባንዴ ይቆጠርለታል፤ በጥቅሉ የሁለት ወር መሠረታዊ ደመወዝ በአገልግሎት ዓመቱ ተባዝቶ። ኋላ ቪኤ ለዚያው ጉዳት በየወሩ ሊከፍለው ሲነሣ፣ ጉዳቱ ከውጊያ ጋር ካልተያያዘ በስተቀር፣ አስቀድሞ ያችን ብር ቀንሶ ይጨርሳል። ጀግናችን ግን ገና ሳይቀንሱበት መኪና ገዝቶባታል።

ከዚያ ውሳኔው ይመጣል። የመጀመሪያው ቦርድ ፊቱን ሳያይ በወረቀት ብቻ የወሰነው ነው። ምላሽ ለመስጠት ብዙውን ጊዜ 10 ቀን ይሰጠዋል። እስማማለሁ ማለት ይችላል። አልስማማም፣ በአካል ቀርቤ ልሰማ ማለትም ይችላል። ፐርሰንቱን ቪኤ እንደገና ይይልኝ ብሎ መጠየቅም ይቻላል። ለዚህ ሁሉ ጦሩ ራሱ ጠበቃ ያቆምለታል፣ ያለ ክፍያ። ያለ ክፍያ የሚባል ነገር ደግሞ የኛን ሰው ያስደነግጠዋል፤ ጠበቃው ሲደውል የማላውቀው ቁጥር ነው ብሎ አያነሣም።

ያለ ምክር ቀርቷል እንዳይባል ግን ቅዳሜ ዋሽንግተን አጠገብ ወዳለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ይወርዳል። እዚያ ቡናው ዙሪያ የተቀመጠው የአማካሪዎች ጉባኤ የጦር ሠራዊት ደንብ አንድ ገጽ ሳያነብ ሁሉንም ያውቃል። «ከመንግሥት ጋር ማን ተሟግቶ ረታ?» ይላል አንዱ። «ዝም ብትል ይሻልሃል፣ የሰጡህንም ይነጥቁሃል» ይላል ሌላው። ሦስተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስምህ ይያዛል» ይላል፤ የት እንደሚያዝ ግን አይናገርም። «ሳይን አድርግና ተገላገል። ተመስገን በል፣ ስንቱ እግሩን ያጣ አለ!»

ይህን የሚመክሩት፣ ልብ በሉ፣ በፓርኪንግ ቲኬት ላይ ክረምቱን ሙሉ የተሟገቱ ሰዎች ናቸው። ምልክቱን ቅርንጫፍ ሸፍኖት ነበር ብለው ዛፉን ከአራት አቅጣጫ ፎቶ አንስተዋል፣ ምስክር ቆጥረዋል፣ ደብዳቤውን እንግሊዝኛ ለሚያውቅ ልጅ አስጽፈዋል። «ያለ ፍርድ ከሄደች ጭብጦዬ በፍርድ የሄደች በቅሎዬ» እያሉ ነው የተሟገቱት። ጭብጦዋን በፍርድ አስመለሱ፤ በቅሎዋ የሰው ወገብ ስትሆን ጊዜ ግን ተረቱ ተረሳ።

ጉባኤው ከሚቀመጥበት ብዙም ሳይርቅ፣ ያው ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ የድሮው ዋልተር ሪድ የጦር ሆስፒታል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ዋሽንግተን ፖስት እዚያ የሚታከሙ ቁስለኞች በሻጋታ ክፍልና በወረቀት ክምር መሀል እንዴት እንደሚንገላቱ ሲጽፍ የጦር ሠራዊቱ ሚኒስትር ሥልጣን ለቀቀ። በ2008 በወጣ ሕግም ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 እስከ 2009 ማብቂያ በ20 ፐርሰንትና ከዚያ በታች የተሰናበቱ ወታደሮች ፋይላቸው እንደገና እንዲታይ የሚያመለክቱበት ቦርድ ተቋቋመ። ቦርዱ ፐርሰንት ከፍ ማድረግ እንጂ ዝቅ ማድረግ አይችልም ነበር። ያን ሁሉ ያመጣው ያማረሩት ሰዎች አፍ ነው፤ የኛዎቹ ጨዋዎች እጃቸው የለበትም። ዝቅ ማድረግ የማይችል ቦርድ መኖሩ ቡናው ላይ ሲነገርም «ወጥመድ ነው» ተብሎ ታለፈ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ግን ሁሉም ይነቃል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ «ምነው አፒል አላልክም?» ብሎ የሚቆጣው ያው ሳይን አድርግ ያለው ሰው ነው። እርግጥ ነው፣ ከስንብት በኋላም የመዝገብ ማረሚያ ቦርድ የሚባል አለ፤ ስሕተቱ በታወቀ በሦስት ዓመት ውስጥ ማመልከት ይቻላል። ግን ማስረጃ ይጠይቃል፤ ማስረጃው ደግሞ አይቡፕሮፌን ሆኖ ተውጧል።

አሁን የጀግናችን ታናሽ ወንድም ፈርሟል፤ ለመሠረታዊ ሥልጠና ፎርት ጃክሰን ሊሄድ ነው። ታላቁ ሊሸኘው ሻንጣ ሊያነሣለት ሞክሮ ወገቡ አልታዘዝ ብሎት ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። እዚያው ሆኖ መከረው፦ «ስማ፣ ቢያምህም ሲክ ኮል እንዳትሄድ። ሰነፍ ነው ይሉሃል።»