አመራሩ ስንት ተቆረጠበት ብሎ መጠየቅ ምቀኝነት አይደለም

የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ሲቀነስ መሪዎችም አብረው ተቀነሰባቸው የሚል ዜና ከየትኛውም አገር በተሰማ ቁጥር፣ እዚህ ደሴ በየቢሮው የሻይ ሰዓት ላይ ክርክር ይነሳል። አንዱ «መሪ ማለት እንዲህ ነው» ብሎ ያደንቃል። ሌላው «ለታይታ ነው፤ ከእሱ ኪስ ይህች ብትወጣ ምን ይጎድልበታል?» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የእኛዎቹስ?» ብሎ ይጠይቃል። ለዚህ ለሦስተኛው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ምላሽ ዝምታ ነው፤ አንዳንዴም «የሰው ደመወዝ አትቁጠር» የሚል ተግሣጽ ይከተላል። እኔ ግን ጥያቄው ተገቢ ነው፣ በግልጽ መነሳትም አለበት እላለሁ።

ከሩቁ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ወጪ በጅምላ ሲቆረጥ፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የመከላከያ ሚኒስቴር ሲቪል ሠራተኞች ያለ ደመወዝ ዕረፍት እንዲወጡ ተወሰነባቸው። ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ ያን ጊዜ ከ400 ሺህ ዶላር ዓመታዊ ደመወዛቸው 5 በመቶውን እንደሚመልሱ አስታወቁ። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት የፕሬዚዳንቱ ደመወዝ በሥልጣን ዘመኑ እንዲጨምርም ሆነ እንዲቀነስ ስለማይፈቅድ፣ ገንዘቡን ራሳቸው ቼክ ጽፈው ለግምጃ ቤቱ ነበር የሚመልሱት። ያመሰገኑ ነበሩ፤ የይስሙላ ነው ያሉም ነበሩ።

ሒሳቡን ብንሠራ የሚገርም ነገር እናገኛለን። የመከላከያ ሠራተኞቹ መጀመሪያ ከታሰበው በእጅጉ ያነሰ፣ በመጨረሻ 6 ቀን ብቻ ነው ያለ ደመወዝ የቆዩት። ይህ በዓመት ሲሰላ 2 በመቶ ገደማ ነው። በመቶኛ ከሄድን ፕሬዚዳንቱ ከእነዚያ ሠራተኞች የበለጠ አጥተዋል። ታዲያ ለምን ሁሉም አልረካም? ምክንያቱም ሠራተኛው በሳምንት አንድ ቀን ቤቱ ሲውል የዚያ ሳምንት ገቢው አንድ አምስተኛ ይጎድላል፤ የቤት ኪራዩ ግን አይጎድልም። ፕሬዚዳንቱ ደግሞ የሚኖሩት የቤት ኪራይ በማይከፈልበት ግቢ ነው። ሰው የሚለካው የተቆረጠውን ሳይሆን የቀረውን ነው።

ወደ ራሳችን እንምጣ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የደመወዝ ስኬል ዝቅተኛው 6 ሺህ ብር፣ ከፍተኛው 39 ሺህ ብር ነው። ለስሌት ያህል ነገ 10 በመቶ ይቀነስ ቢባል፣ ከታች ያለው 600 ብር፣ ከላይ ያለው 3,900 ብር ያዋጣሉ ማለት ነው። ወረቀት ላይ የላይኛው ስድስት እጥፍ ተኩል ሰጥቷል። ነገር ግን የ6 ሺህ ብሩ ሠራተኛ ግብርና ጡረታ ተቀንሶበት እጁ የሚገባው ከ5 ሺህ ብር በታች ነው። በዚህ ገንዘብ ልጆች የሚያሳድግ የጥበቃ ሠራተኛ ወይም የጽዳት ሠራተኛ 600 ብር ሲቀነስበት፣ ሰኞ ገበያ ወርዶ ከሚሸምተው ዘይትና ሽንኩርት አንዱን ይተዋል። የላይኛው ከሚተወው ነገር ጋር ማወዳደር ይከብዳል። አባቶች የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም የሚሉት ወደው አይደለም።

ዋናው ጉዳይ ግን ከመቶኛም ያልፋል። የአንድ መሥሪያ ቤት ፔሮል ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ከስምና ከጥቅል ደመወዝ ቀጥሎ የሥራ ግብር አለ፣ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ አለ፣ ከዚያ ቁጠባው፣ ብድሩ፣ የየጊዜው መዋጮ ይደረደራል፤ መጨረሻ ላይ የተጣራ ተከፋይ የምትባለዋ ጠባብ ዓምድ ትገኛለች። በዚህ ሰነድ ላይ ኃላፊውና ተላላኪው በአንድ ገጽ፣ በአንድ ዓይነት ዓምድ ውስጥ ይገኛሉ። ኃላፊውን ከተላላኪው የሚለዩት ነገሮች ግን ብዙዎቹ እዚያ ገጽ ላይ የሉም። የመንግሥት መኪናው የለም። ነዳጁ የለም። የመስክና የስብሰባ ውሎ አበሉ በሌላ ሰነድ ነው የሚወራረደው። እንግዲህ «ከሁላችንም ደመወዝ እኩል ተቆረጠ» ሲባል፣ የተነካው ሁለቱ የሚመሳሰሉበት ገጽ ብቻ ነው። የሚለያዩበት ገጽ ሳይነካ ይቀራል። ሠራተኛው ይህን ለማወቅ የሒሳብ ባለሙያ መሆን አያስፈልገውም፤ ጠዋት በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ከኮምቦልቻ ደሴ ለመግባት ታክሲ ሲጠብቅ የኃላፊው መኪና አጠገቡ ታልፋለች።

ይህ ከተማ መሥዋዕትነት ምን እንደሆነ እንዲነገረው አያስፈልግም። በ2003 የሕዳሴ ግድብ መሠረት ሲጣል የመንግሥት ሠራተኛው የወር ደመወዙን ለቦንድ ሰጥቷል። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ብዙ ሠራተኛ ልጆቹን ይዞ ተሰዷል፤ ሲመለስ የተዘረፈ ቢሮ፣ ኮምፒውተር የሌለው ጠረጴዛ ነው የጠበቀው። ሥራውን ግን ጀመረ። በዚያው ዓመት ለተፈናቃይ ሲባል አዋጥቷል፣ ለዘመቻው ሲባል አዋጥቷል። እንዲህ ያለ ሠራተኛ «ኃላፊው ስንት አወጣ?» ብሎ ሲጠይቅ አገሩን ስላልወደደ ነው ማለት ትልቅ በደል ነው።

ደግሞ መዋጮው የሚጸድቅበት መንገድ አለ። አዳራሽ ውስጥ እንሰበሰባለን። ከመድረክ ረዘም ያለ ንግግር ይደረጋል። ከዚያ «የማትስማሙ እጃችሁን አውጡ» ይባላል። ማን ያወጣል? አንዲት ነፍሰ ጡር ባልደረባዬ፣ ባሏ ሥራ የፈታባት፣ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ወለል ወለሉን ስታይ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ተባለ፤ ተጨበጨበ። በወሩ መጨረሻ ተቆረጠባት። በ2010 የወጣው፣ በ2017 በሌላ አዋጅ የተተካው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ደመወዝ የሚቆረጠው በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት፣ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ወይም በሕግ መሠረት ሲሆን ነው ይል ነበር። ጭብጨባ እዚያ ውስጥ አልነበረም።

እዚህ ላይ «የመሪ መቀነስ ለታይታ ነው» ብለው ነገሩን ጨርሰው ከሚጥሉት ወገኖቼ ጋር እለያለሁ። አዎ፣ የአንድ ከንቲባ ወይም የአንድ ሚኒስትር ደመወዝ ተቆርጦ በጀት አይሞላም። ጥቅሙ ሌላ ነው። የሚቆርጠው እጅ እና የሚቆረጥበት ኪስ የአንድ ሰው ሲሆኑ፣ ውሳኔው ይጠነቀቃል። «ሌላ መንገድ የለም ወይ? የትኛው ስብሰባ ይቅር? የትኛው ግዢ ይዘግይ?» የሚለው ጥያቄ ከሠራተኛው ደመወዝ በፊት ይነሳል። ከራሱ ምንም የማይነካበት ኃላፊ ግን የሠራተኛውን ደመወዝ ከሁሉም የሚቀል መፍትሔ አድርጎ ያየዋል።

ይህን በሚገባ ያደረጉ አሉ። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2011 በመሬት መንቀጥቀጥና በሱናሚ ከተመታች በኋላ ለመልሶ ግንባታ የመንግሥት ሠራተኛውን ደመወዝ ቀንሳለች። ከዳይሬክተር ጀምሮ ወደ ላይ ባሉት ላይ 9.77 በመቶ፣ በመካከለኞቹ ላይ 7.77፣ በታችኞቹ ላይ 4.77 በመቶ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ላይ 30 በመቶ፣ ሚኒስትሮቹ ላይ 20 በመቶ። ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ይከብዳል። የኒውዚላንዷ ጠቅላይ ሚኒስትር ጃሲንዳ አርደርን ደግሞ በኮሮና ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ2020፣ የራሳቸውን፣ የሚኒስትሮቻቸውንና የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊዎችን ደመወዝ ለስድስት ወር በ20 በመቶ ሲቀንሱ፣ ውሳኔው ወደ ተራው ሠራተኛ አልወረደም። ሁለቱም አገሮች ከእኛ ይልቅ ሀብታም ናቸው፤ ከላይ መጀመር ግን ሀብት አይጠይቅም።

ወሎ ውስጥ ቅሬ፣ ሌላው ዕድር የሚለው፣ የሌለው ሰው ጥቂት ነው። በቅሬ ሰብሳቢውም እንደማንኛውም አባል ይከፍላል፤ ጸሐፊው ደግሞ መዝገቡን ገልጦ የከፈለውንም ያልከፈለውንም በሰው ፊት በስም ያነባል። ማንም አይቀየምም። መሥሪያ ቤቶቻችን ይህን ቢያደርጉ ምን ይከለክላቸዋል? ቅነሳ ወይም መዋጮ ግድ ሲሆን፣ የኃላፊዎቹ ስም፣ የተቆረጠባቸው ብርና የቀረባቸው ነዳጅና አበል በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ የሠራተኛው ተራ የሚመጣው ይህ ከተለጠፈ ቢያንስ ከአንድ ወር በኋላ ይሁን። ከዝቅተኛው እርከን ያለው ሠራተኛ ጨርሶ ይታለፍ። የሚስማማ ሰው በወረቀት ይፈርም፤ ያልፈረመ ሰው ስሙ በየስብሰባው አይነሳ።

አንድ የቀረኝ አለ፣ እሱም የማብቂያው ቀን ነው። ጃፓን ሁለት ዓመት አለች፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2014 ላይ አበቃች። ኒውዚላንድ ስድስት ወር ብላ በስድስት ወር ጨረሰች። በእኛ ፔሮል ላይ ግን ለምን እንደተጀመረ የተረሳ፣ መቼ እንደሚያልቅ የማይጠየቅ ተቆራጭ ያለበት ሠራተኛ ጥቂት አይደለም። የሚቀጥለው የቅነሳ ደብዳቤ ከየትኛውም ቢሮ ሲወጣ፣ የመጀመሪያው ወርና የመጨረሻው ወር በአንድ መስመር ላይ ጎን ለጎን ተጽፈው፣ ከሥሩም ደብዳቤውን የፈረመው ኃላፊ ራሱ የሚቀነስበት የብር መጠን ይስፈር።