ሠራተኛዋ ሁልጊዜ ከኛ አገር ናት

ሰሞኑን ጅማ መርካቶ ቡና እየጠጣሁ አንድ ድራማ አይቼ ደሜ ፈላ። የቤት ሠራተኛዋ «ከጅማ የመጣች» ናት። ገና ስትገባ ስኒ ሰበረች። ቀጥላ «አባቴ መጣች» አለች። ሳቁ የታለ?

ሁለተኛ ቋንቋው ላይ የሚሳሳት ሰው የለም አልልም። ግን ደራሲው በሷ ቋንቋ አንዲት ዓረፍተ ነገር ይሞክራት እስቲ። እዚያው ቡና የምታፈላልን ልጅ ሒሳብ በአማርኛ ትናገራለች፣ ከሰል ሻጩን በኦሮምኛ ትሞግታለች፣ ለእናቷ በየምኛ ትደውላለች። ይህን ሁሉ ቡናው ሳያርርባት።

«ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚለውን ተረት እወደዋለሁ። የድራማ ሰዎች ግን የመጀመሪያዋን ግማሽ ሰምተው የሄዱ ይመስለኛል።

አዲስ አበባ ያለችው አክስቴም ያው ናት። ገና በሩ ላይ ሳለሁ «ማሩስ?» ትላለች። ስለ ሥራዬ ጠይቃኝ አታውቅም። አንዴማ በርጩማ አዘዘችኝ። ያንን ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ጭኔ ላይ አድርጌ ሄድኩ። ረዳቱ ለበርጩማውም አስከፈለኝ። ብሩን ዛሬም አልሰጠችኝም!

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ሴቶቹ። የጅሬኑን ቤተ መንግሥት አገር ያውቀዋል፣ አባ ጅፋርንም እንዲሁ። ከምኒልክ ጋር አትዋጋ፣ ገብር ብላ መከረችው የምትባለው እናቱ ጌኔ ጉሚቲ ግን ድራማ ውስጥ ብትገባ ቡና ስታቀርብ ነው የምናያት። የድራማዋ ሴት ዓይነ ስውር ከሆነች ደግሞ የባሰ ነው። ወይ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ትለምናለች፣ ወይ መጨረሻው ክፍል ላይ ይበራላታል። የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤ ዓይኗ ሳይበራ በ2010 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሸለመች። ይህ ለደራሲ አይጥመውም መሰለኝ፤ አያስለቅስማ!

ቴሌቪዥን አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም. ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ስኒ እየሰበርን!

ለማንኛውም፣ ሠራተኛዋ ከጅማ አትሁን አላልኩም። ትሁን። ግን ደመወዝ ትጠይቅ፣ ትቆጣ፣ ቀልድም ካለ እሷ ትቀልድ። ደራሲው አንድ ቀን መጥቶ ይቺን ቡና የምታፈላልንን ልጅ ቁጭ ብሎ ይስማት። ቡናውን እኔ እከፍላለሁ። ማር ካማረው ግን ራሱ ይግዛ።