ለአሮጌው ቤት የተጻፈ የመልቀቂያ ደብዳቤ

ለክቡር አሮጌው ቤት
አዳማ

ጉዳዩ፦ ቤት መልቀቃችንን ስለማሳወቅ

ከላይ በርዕሱ እንደተገለጸው፣ ከቅዳሜ ጀምሮ ከእርስዎ ጋር የነበረን ግንኙነት ተቋርጧል። የሽኝት ሥነ ሥርዓትዎ ግን ያለ ምስጋና የሚታለፍ አልሆነም።

አይሱዙው በር ላይ ቆሟል። ግቢው በሙሉ፣ ስኒ የያዘው ስኒውን እንደያዘ፣ ሊሰናበት ወጥቷል። ሁለት ጫኞች ቁምሳጥኑን ግራና ቀኝ ይዘው «ሆ!» ብለው ሲስቡት ፊቱ መጣ፤ ጀርባው ግድግዳዎ ላይ ተለጥፎ ቀረ። መደርደሪያዎቹ ተናዱ፤ የውስጥ ሱሪ ሳይቀር የቤተሰቡ ገመና በሊሾው ላይ ተዘረገፈ። አንደኛው ጫኝ ራሱን አከክ አከክ አድርጎ «ጋሼ፣ ጀርባውን ለብቻው ነው የምንጭነው?» አለ። ጎረቤቶች ለጨዋነት ፊታቸውን አዞሩ፤ የሚስቅ ሰው ትከሻ ግን ከኋላም ያስታውቃል።

የምናመሰግነው ምስጥዎን ነው፤ ጀርባውን ያስቀረው እሱ ነው። ሲሠሩ ቋሚው ባሕር ዛፍ የድንጋይ መሠረት ሳይኖረው በቀጥታ አፈር ውስጥ ተተከለ። እግሩ እንኳ በተቃጠለ ዘይት መነከር ሲገባው ጠብታ አልነካውም። ምስጡ በእንጨቱ ልብ ሽቅብ ወጣ። ብርሃንና ደረቅ አየር ስለማይስማማው ደግሞ ከሊሾው ስንጥቅ ተነስቶ እርሳስ የሚያክል የጭቃ ዋሻ እየሠራ ወደ ዕቃው ተሻገረ። ቀለም ያልነካው፣ ግድግዳ ላይ የተጣበቀ ስስ ቺፑድ ሲያገኝ ገበታ ቀረበለት። የላዩን ቆዳ እንደ ወረቀት ትቶ ውስጥ ውስጡን ስለሚበላ፣ በጣት መታ መታ አድርገው ባዶ ድምፅ ካልሰሙ አይነቁበትም። ዕቃን ከግድግዳ አንድ ክንድ ማራቅ ነበር መፍትሔው። ክፍልዎ 3 በ3 ነው፤ ቁምሳጥን አንድ ክንድ ከራቀ አልጋው በረንዳ ያድራል። ዝናብ ሲጥል ክንፍ አውጥተው አምፖሉን ሲከቡት «እንደ አሸን ፈላ» የሚባለው እኮ ይኸው ነው ብለን ነበር፤ ከዚያ ወዲያ አላሰብንም። ዋሻውን በመጥረጊያ ቢያፈርሱት በማግስቱ ያድሱታል። እውነቱን ለመናገር፣ እርስዎን ሲያድስ ያየነው ምስጡን ብቻ ነው።

ጣሪያዎም ውለታው ብዙ ነው። ሚስማሩ ቆርቆሮው ጎበጥ ባለበት ላይ መመታት ሲገባው ውሃ በሚወርድበት ቦይ ላይ ተመቷል፤ ጎማውንም ፀሐይ ጨርሶታል። የአዳማ ነፋስ ቆርቆሮውን ብድግ ቁጭ ባደረገው ቁጥር ቀዳዳው ይሰፋል። በዚሁ ነፋስ ከከተማው ዳር መጀመሪያ 51፣ ቀጥሎ 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ጣቢያዎች ተተክለዋል። እርስዎ 3 ባልዲ እና 1 ሳፋ አስተከሉበት።

ኮርኒሱ፦ አይጥ።

ሽቦው ላይ ግን ቀልድ የለም። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር መሆኑ ነው። አንተ ግድግዳ ውስጥ ያለው ለአምፖል የተዘረጋ ቀጭን ባለ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ነው፣ መጋጠሚያው በፌስታል የተጠቀለለ። ፊውዙ ሲቃጠል የመዳብ ክር ጠመጠሙበት። ከዚያ በኋላ ጭነት ሲበዛ ቀድሞ የሚቃጠል ፊውዝ የለም፤ የሚግለው ሽቦው ራሱ ነው፣ ያውም እንጨትና ጭድ መሐል። እንጀራ በተጋገረ ቁጥር የሚሞቀውን ያንን ግድግዳ ተደግፎ ልጅ ይተኛ ነበር። ልጅ! ለምጣዱ ባለ 4 ሽቦ ለብቻው ይዘርጋ፣ ብሬከር ይግባ ሲባል የመጣው መልስ የኪራይ ጭማሪ ነው። አንተንም ቤት ብለው ያከራዩሃል!

ይቅርታ፣ እርስዎን።

የ6 ወር ቅድሚያ ክፍያውን ነገር፣ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከ2 ወር በላይ አይጠየቅም ስለሚል፣ አናነሳውም። የቀበሌ መሸኛውንም በ3 ቀን አግኝተናል፤ ሲስተሙ መጥቶ።

ከሰላምታ ጋር
የቀድሞ ተከራዮችዎ

ግልባጭ፦
ለቀጣዩ ተከራይ፦ አዲሱን ቀለም አይዩ። ከመፈረምዎ በፊት የበሩን ቋሚ ከግርጌው በካቻቢቴ ወጋ ያድርጉት። ከገባ፣ አይግቡ።
ለምስጦቹ፦ ጀርባውን ባለበት ትተነዋል፤ ርክክቡ በቃል ነው።