ደብተሩ ላይ ያለው ስም

የአገሬ ሰዎች፣ የምናገረው ለጆሮ የሚጥም አይደለም፤ ቢሆንም ስሙኝ። ሦስት ፎቅ ያቆመውን ነጋዴ "ቀንቶታል" ትላላችሁ። ወረርሽኙን፣ ጦርነቱንና የኑሮ ውድነቱን ተሻግራ ዛሬም ምጣዷን የምታሰማዋን ሴት ግን "ያው ለዕለት ጉርሷ ነው" ብላችሁ ታልፏታላችሁ። ለመሆኑ እሷ ራሷ ስኬት የምትለው ምን እንደሆነ ከመካከላችሁ ማን ጠይቋት ያውቃል?

እኔ ጠይቄያለሁ፤ ያውም ዘግይቼ። በሰፈሬ እንጀራ እየጋገረች ለሱቆችና ለምግብ ቤቶች የምታከፋፍል ሴት አለች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ሲሻገር የእሷም ሒሳብ ተናጋ። ጤፍ ከውጭ አይመጣም፤ ጤፉን የሚጭነው መኪና ነዳጅና ጎማ ግን ከውጭ ነው። በዚያ ሰሞን "ሥራ እንዴት ነው?" አልኳት። ትርፍና ኪሳራዋን ትነግረኛለች ብዬ ስጠብቅ "ልጆቹ አሉ" አለችኝ። ልጆቹ የምትላቸው አብረዋት የሚጋግሩትን ሦስት ሴቶች ነው። ቀጥላ የፕላስቲክ ባልዲዋን ክዳን ከፍታ እርሾውን አሳየችኝ። "ይኸውና፣ ይህም አለ። አንድም ቀን አልተቋረጠም።"

ያን ጊዜ ነገሩን አቅልዬ ነበር የሰማሁት። እያደር ሳስበው ግን የተሟላ የሒሳብ መዝገብ ሆኖ አገኘሁት። እርሾው ካልተቋረጠ በየቀኑ ሊጥ ተቦክቷል፤ ሊጥ ከተቦካ የጤፍ መግዣ ተገኝቷል፤ ሦስቱ ሴቶች ካሉ ደመወዛቸው ተከፍሏል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ትነሳለች፤ ሰፈሩ ከነቃ የመብራቱ ኃይል ይደክምና ምጣዱ አልሰማ ይላል። መብራት ጨርሶ የጠፋ ቀን ሊጡ ኮምጥጦ ይደፋል። ጀሶ ቀላቅሎ ስለመጋገር ስንት ጉድ በሰማንበት ከተማ፣ እሷ ዋጋ ጨመረች እንጂ ጤፉን አልበረዘችም። በዚህም ደንበኞች ሸሿት። እንዲህ ያለችውን ሴት ነው እንግዲህ "አላደገችም" የምንላት።

ወደ እናንተ ልመለስ። ከምጣዱ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ በሲባጎ የተንጠለጠለ ደብተር አለ። ሽፋኑ ሊጥ በነካው እጅ ተዳብሶ ተዳብሶ ቅርፊት ሠርቷል። ውስጡ ስማችሁ ሰፍሯል። "ደመወዝ ሲወጣ" ብላችሁ ወስዳችሁ፣ ደመወዝ ሲወጣ በሌላ መንገድ መሄድ የጀመራችሁት እናንተ ናችሁ። የባንክ ዕዳችሁ ቀን ሲያልፍበት ቅጣት ስለሚያመጣ እንቅልፍ ታጣላችሁ፤ የእሷ ወለድ ስለሌለው ግን የዕዳ ያህል እንኳን አትቆጥሩትም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የሆነውን ረሳችሁት? መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ ተገኘ ተባለ፤ ወሩ ሳያልቅ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ገቢው የተቋረጠበት ሰው ያን ጊዜ የሄደው ወዴት ነበር? ዱቤ ወደምትሰጠው ጉልት ተቀማጭና እንጀራ ሻጭ አይደለምን? የእኛን ችግር በደብተሯ ተሸክማ ስታበቃ፣ እኛ የእሷን ሥራ "ትንሽ" ለማለት ድፍረቱን ከየት አመጣነው?

ክርክራችሁንም ታዝቤያለሁ። ሱፐርማርኬት ገብታችሁ የተለጠፈውን ዋጋ ሳትተነፍሱ ትከፍላላችሁ፤ ወጥታችሁ ጉልት ላይ ከአንድ መደብ ቲማቲም ላይ አምስት ብር ለማስቀነስ ግን ሩብ ሰዓት ትቆማላችሁ። ሌላ አልጨምርበትም።

ደግሞ አንዷ ከበረታችና ከሰፋች ጥያቄው ይለወጣል፤ "ከኋላዋ ማን አለ?" ይባላል። "ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ" የሚለው ተረት ዛሬም በምላሳችን ላይ አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ኃላፊ አድርጎት ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ሽሮ ባልና ሚስትን እኩል አደረጋቸው። ሕጉ ከተሻሻለ ዘመን ተቆጠረ፤ ጥያቄያችን ግን አልተሻሻለም። ቤተልሔም ጥላሁን ሶል ሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅቷን በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር ከጥቂት ሠራተኞች ጋር ስትጀምር ስንቶቻችን አጨብጭበናል? ጭብጨባችን የውጭ መጽሔት ካመሰገናት በኋላ የመጣ ነው።

ባንኮችም ቢሆኑ አይቅርባቸው። ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር ዋስትና እንዲሆን የሚፈቅድ አዋጅ በ2011 ዓ.ም. ወጥቷል። በዚህ ሕግ መሠረት ምጣዷም፣ መጋገሪያ ማሽኗም፣ ከምግብ ቤቶች የምትሰበስበው ሒሳብም ዋስትና ሊሆን ይችላል። ይሁንና አንድ የብድር ክፍል ደጃፍ አብሬያት ሄጄ የሰማሁት የመጀመሪያ ጥያቄ "ቤት አለሽ?" የሚል ነበር። ሁለተኛው "ባለቤትሽስ?" ሆነ። ሦስተኛ አልነበረም። በ2005 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን እናት ባንክን ሴቶች ያቋቋሙት እንዲህ ያለውን ደጃፍ አይተው ይመስለኛል፤ የአንድ ባንክ ትከሻ ግን ይህን ሁሉ አይችልም።

አንድ ነገር እንዳይምታታባችሁ። ጽናቷን አወድሱ ማለቴ አይደለም። እሱንማ በየዓመቱ የካቲት 29 ቀን ቲሸርት አሠርታችሁ፣ አበባ አድላችሁ ትወጡታላችሁ። ውዳሴ ወጪ የለውም። እሷ "አልወደቅሁም" ማለትን ስኬት ያደረገችው ማደግ ጠልታ እንዳይመስላችሁ። መጋገሪያውን ለማስፋት የቋጠረችው ብር በየቀውሱ ለሦስቱ ሴቶች ደመወዝ ሆኖ ስለሚያልቅ ነው፤ ደግሞም ሰው በትኖ ያተረፈ ነጋዴን አታከብርም። እዚህ ላይ ከብዙ ባለፎቆች ትበልጣለች ብል የሚከራከረኝ ይምጣ።

እኔንም ንጹሕ ነው አትበሉኝ። ይህን ከመጻፌ በፊት ሄጄ ደብተሩን አስገለጥኳት፤ ስሜ አለ፣ 340 ብር። ከመስከረም ጀምሮ። ከፈልኩ። እስክሪብቶዋን ከጆሮዋ ሥር አውጥታ በስሜ ላይ አንድ መስመር አሰመረችና ቀና ሳትል "ጋሼ፣ ለነገ ስንት ላስቀምጥልዎ?" አለችኝ።