ሲሚንቶውን አስቀምጡት

በእንግሊዝ አገር ትንንሽ የገበያ ከተሞች አሮጌ ቤት የገዛችሁ ወገኖች፣ ስሙን። ስንጥቅ ባያችሁ ቁጥር ሲሚንቶ ይዛችሁ የምትሮጡት ምን ነክቷችሁ ነው? ጭቃ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው እንዴት የጭቃ ቤት አያያዝ ይጠፋዋል?

ላድሎን ተመልከቱ፤ በዌልስ ድንበር አጠገብ፣ ከቴም ወንዝ በላይ ኮረብታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ። ኖርማኖች በ11ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ምሽጉን መሥራት ጀመሩ፤ ኋላ ከደጁ ሰፊ ገበያ ተዘረጋ። ሁሉም ፊቱን ወደ ገበያተኛው ማዞር ስለፈለገ ቦታው ከፊት ጠባብ፣ ወደ ጓሮ ረጅም ሆኖ ተሸነሸነ። የነጋዴው ድንኳንም ውሎ አድሮ ቤት ሆነና የገበያውን መሀል ሞላው። ከምሽጉ ደጅ የቀረው አደባባይ ላይ ግን ዛሬም ይገበያያሉ።

ቤቶቹ ምንድን ናቸው? የኦክ ቋሚና አግዳሚ፣ በመሀሉ ማገር፣ በማገሩ ላይ ጭድና እበት የገባበት ምርጊት፣ ከላይ የኖራ ልስን። የአያቶቻችሁ ቤት እኮ ነው! ብሮድ ስትሪት ላይ ጡብ ስታዩም አትሸወዱ፤ ብዙዎቹ በ18ኛው መቶ ዘመን ለዘመናዊነት ሲባል ፊታቸው ብቻ ጡብ የለበሰ የእንጨት ቤቶች ናቸው።

እንዲህ ያለ ግድግዳ ውሃ ይጠጣል፣ መልሶም ይተነፍሰዋል። ሲሚንቶ ግትር ነው። እንጨቱ ሲያብጥና ሲኮማተር ጠርዙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ይከፈታል፤ ዝናብ በዚያ ይገባና መውጫ ሲያጣ ወርዶ መሠረቱ ላይ በተጋደመው ግንድ ይተኛል። ልስኑ ከውጭ ሲያምር ግንዱ ከውስጥ እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። ለስላሳ ድንጋይም አይተርፍም፦ የያዘው ውሃ በውርጭ ሲረጋ ፊቱን ይልጠዋል፤ መጋጠሚያው ላይ የተመረገው ሲሚንቶ ብቻ ፍርግርግ መስሎ ይቀራል። ጎንደርም ይህ ደርሶባታል፤ ጣሊያን በፋሲል ግቢ ላይ የጨመረው ሲሚንቶ ኋላ እየተነቀለ በኖራ ተተክቷል።

መጀመሪያ አሸንዳውን ጥረጉ፤ ብዙ እርጥበት ከዚያ ነው የሚመጣው። ሲሚንቶውን በመሮና በመዶሻ ቀስ ብላችሁ አውጡ፤ በማሽን ከቆረጣችሁ ድንጋዩን ትበሉታላችሁ። መጋጠሚያውን የስፋቱን እጥፍ ያህል አጥልቁ፣ አቧራውን ጥረጉ፣ በውሃ አርጥቡ። 1 እጅ የተነከረ ኖራ ለ3 እጅ ሻካራ አሸዋ ይበቃል። ቸኩሎ እንዳይደርቅ እርጥብ ጆንያ አልብሱት። ብርዱ ከ5 ዲግሪ በታች ከሆነ አትጀምሩ፤ ያልጠናን ኖራ ውርጭ ያፈርሰዋል። ጓንትና መነጽርም አትርሱ፣ ኖራ ዓይን ያጠፋል። ማጠናቀቂያው የፕላስቲክ ቀለም ሳይሆን ቀጭን የኖራ ቅብ ነው፤ 4 ወይም 5 ጊዜ፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላው።

«ጎረቤቴም በሲሚንቶ መርጓል» አትበሉ። በላድሎ ብቻ ወደ 500 የሚጠጉ ሕንፃዎች በቅርስነት ተመዝግበዋል። በእ.ኤ.አ. 1990 ሕግ የተመዘገበን ቤት ጠባይ ያለ ፈቃድ መለወጥ ወንጀል ነው፤ እስከ 2 ዓመት ያሳስራል። የቀድሞው ባለቤት ያበላሸውንም አዲሱ ገዢ እንዲያስተካክል ሊታዘዝ ይችላል። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ ያንን የተጋደመ ግንድ በካቻቢቴ ወጋ አድርጉት። ብረቱ ያለ ጉልበት ከሰመጠ ኖራውንም ተዉትና አናጺ ጥሩ።