እርማት፦ ለብሪታንያ ፋርማሲስቶች ፈቃድ የሚሰጠው ማኅበሩ አይደለም

«በብሪታንያ ፋርማሲስት የሚመዘግበውም፣ ፈቃድ የሚነጥቀውም ሮያል ፋርማሲዩቲካል ሶሳይቲ ነው» የሚለው መልስ ከእ.ኤ.አ. መስከረም 2010 በፊት ቢሰጥ ኖሮ ትክክል ነበር። በ1841 የተመሠረተው ይህ የፋርማሲስቶች ማኅበር ለረጅም ዘመን የሙያ ማኅበርነቱንም የቁጥጥሩንም ሥራ ደርቦ ይዞ ቆይቷል፤ ግራ መጋባቱም ከዚያ የመጣ ነው። በ2010 የቁጥጥሩ ሥራ ለጄኔራል ፋርማሲዩቲካል ካውንስል ተላለፈ።

አስተዳደራቸው ጨርሶ አይገናኝም። የካውንስሉ ቦርድ 14 አባላት አሉት፤ ሰባቱ ከሙያው፣ ሰባቱ ከሙያው ውጭ ናቸው። ሁሉም ይሾማሉ እንጂ በፋርማሲስቶች አይመረጡም። በማኅበሩ በኩል ግን የእንግሊዝ፣ የስኮትላንድና የዌልስ ቦርዶችን የመረጡት አባላቱ ራሳቸው ናቸው። መተዳደሪያው ንጉሣዊ ቻርተር ስለሆነም ቦርድ ብቻውን አይቀይረውም፤ የአባላት ድምፅና የፕሪቪ ካውንስል (የንጉሡ አማካሪ ምክር ቤት) ይሁንታ ያስፈልገዋል። በ2025 አባላቱ ማኅበሩ ሮያል ኮሌጅ (ትምህርት ቤት ሳይሆን የሙያ አካል) እንዲሆን የወሰኑት በዚሁ መንገድ ነው። (ይህም ቢሆን ፈቃድ የመስጠት ሥልጣን አይመልስለትም።)

ስለዚህ ለማኅበሩ መዋጮ የከፈለ ሁሉ መሥራት ይችላል ማለት አይደለም፤ ያልከፈለም አይከለከልም። አባልነቱ በፈቃደኝነት ነው። ግዴታው በካውንስሉ መዝገብ ላይ መስፈርና ምዝገባውን በየዓመቱ ማደስ ነው። ያላደሰ ሰው የማኅበር አባል ቢሆንም እንኳ ራሱን ፋርማሲስት ብሎ መጥራት በሕግ ያስጠይቀዋል። በአንድ ፋርማሲስት ላይ ቅሬታ ያለውም ለካውንስሉ ይጻፍ። ሰሜን አየርላንድ በዚህ ውስጥ የለችም፤ የራሷ ተቆጣጣሪ አላት።